ከብት ነው የምታረቡት ወይስ መሬት ነው የምትጠብቁት?

ባለፈው ጥር አንድ ደላላ ከደብረ ብርሃን ወጣ አድርጎ መሬት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ጧት ነው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። በድንጋይ ካብ የታጠረ ቦታ ደረስን። መሐሉ ላይ ችካል ተተክሏል፤ ችካሉ ላይ አንዲት ቀይ ላም ታስራለች። ግራ ቀንዷ ከጫፉ ተሰብሯል። የምትግጠው እንኳ አልነበራትም፤ ሣሩን እስከ ሥሩ ጨርሳዋለች።

«ላሟ የማን ናት?» አልኩት።

«የባለቤቱ ናት። ቦታው ሰው እንዳለበት እንዲታወቅ ነው።»

በሳምንቱ ሌላ ደላላ በሌላ አቅጣጫ ሌላ ቦታ አሳየኝ። ካብ፣ ችካል፣ ላም። ያችው ቀንደ ሰባራ ቀይ ላም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ትንሽ ብር ይዞ «መሬት ልያዝ ወይስ ከብት ላድልብ» እያለ ለሚብሰለሰል ሰው ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እጁ ብር የገባ ሰው ሐሳቡ ከነዚህ ከሁለቱ ብዙም አይርቅም። ጡረተኛውም፣ ከውጭ የተላከለትም፣ ዕቁብ የወጣለትም። ችግሩ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው መቅረባቸው ነው። «ከብት ላረባ ነው» ብሎ መሬት የሚይዝ አለ። መሬቱን እየጠበቀ ከብቱን የሚያስርብም አለ። ስለዚህ ከማወዳደራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ ትርፉን የምትጠብቁት ከከብቱ ነው ወይስ ከመሬቱ ዋጋ?

ነገሩ በደንብ የገባኝ ስለ ብራዚል ካነበብኩ በኋላ ነው። አማዞን ዳር ለማንም ያልተመደበ የመንግሥት ደን አለ። አንዱ ይገባና ዛፉን በሞተር መጋዝ ይጥላል። ሲደርቅ ያቃጥለዋል። የሣር ዘር ይበትንና ከብት ይለቅበታል። በሄክታር አንድ ከብት ቢሆን ነው። ከሥጋው የሚገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሰውየውም ያውቀዋል። ከብቱ እዚያ የቆመው ምስክር እንዲሆን ነው። «እኔ እዚህ አለሁ፣ እያለማሁ ነው» ለማለት። ከጥቂት ዓመት በኋላ የተመነጠረው መሬት በብዙ እጥፍ ለሌላ ይተላለፋል፤ መንጣሪው ደግሞ ወደ ጫካው ጠልቆ ይገባል። ፓራ በምትባለው ግዛት ያለችው ሳኦ ፌሊክስ ዶ ሺንጉ ብቻዋን ከ2 ሚሊዮን በላይ ከብት አላት። ከብራዚል ወረዳዎች አንደኛ ናት። (ከብቱ የሚግጠው ብራኪያሪያ የተባለ ሣር መነሻው የኛው አፍሪካ መሆኑ ደግሞ ያስቀኛል።)

እነሱ ጋ የመሬት ሰነድ አጭበርባሪዎች ስማቸውን ያገኙት ማታ ማታ ከምትጮኸው ፌንጣ ነው። አዲስ የተጻፈውን ወረቀት ከፌንጣ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይዘጉበታል አሉ። ፌንጣዎቹ እያቆሸሹና እየቦጨቁ ወረቀቱን የድሮ ያስመስሉታል። እኛ ጋ ፌንጣ አያስፈልግም። ከቆየ ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥሎ ቀኑን ወደኋላ መጻፍ ይበቃል።

ሌላም የምንጋራው ነገር አለ፤ ተስፋው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ እስከ 2004 ድረስ የተያዘውን የአማዞን መሬት ሕጋዊ አደርጋለሁ አለች። በ2017 ሌላ ሕግ መጣና ቀነ ገደቡን ወደ 2008 ገፋው። ከዚያ ወዲህ መሬት የያዘ ሰው «ለኔም አንድ ቀን ይደርሰኛል» ቢል ይፈረድበታል? እኛም ሀገር የጨረቃ ቤት የሚሠራ ሁሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «የ88 የአየር ካርታ»፣ «የ97 የአየር ካርታ» ሲባል ያልሰማ የለም፤ በዚያ ዓመት ከአየር በተነሣ ካርታ ላይ የታየ ቤት ሕጋዊ ይሆናል ማለት ነው። ደላላውም የሚሸጥላችሁ አፈሩን አይመስለኝም። ቀጣዩን ቀነ ገደብ ነው።

ከተማ ዳር የገበሬ መሬት

ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2011 ከተከፈተ፣ ከዚያም «ሪጂዮፖሊታን» የሚባለውን ከፍ ያለ የከተማ ደረጃ ካገኘች ወዲህ፣ ዙሪያዋን ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ወሬያቸው ሁሉ ካሬ ሜትር ሆኗል። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ማሳ ላይ ቆማችሁ «ይኼ ነገ መንገድ ዳር ይወጣል» ይሏችኋል። ሊወጣ ይችላል። ጥያቄው ሲወጣ የማን ነው የሚለው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አውቀንም ወረቀት እንጽፋለን። ወረቀቱ «የሽያጭ ውል» አይባልም። «ብድር» ይባላል፣ «ኪራይ» ይባላል፣ «ስጦታ» ይባላል። ሦስት ሽማግሌ ይፈርማል፤ ቡና ይጠጣል። አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ግን በገበሬው ስም እንዳለ ይቀራል።

አሁን ከተማው መሬቱን ፈለገው እንበል። ያ የጠበቃችሁት ቀን መጣ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በዘላቂነት ለሚነሣና ምትክ መሬት ላልተገኘለት ባለይዞታ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይከፈላል። ለማን? ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው። እናንተ የያዛችሁት «ብድር» ይላል። ፍርድ ቤት ብትሄዱ ውሉ ፈራሽ ነው። ቀንቷችሁ ብራችሁ ቢመለስ እንኳ የሚመለሰው ያው ቁጥሩ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በሬ ይገዛ የነበረ ብር ዛሬ ወጠጤ ቢገዛላችሁ ነው።

እኔም ተነክቻለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሰው ቀብድ ሰጥቼ ነበር። ስሙን ተዉት። መሬቱ ለኔ ሲታይ ለሌሎች ሁለት ሰዎችም ታይቶ ኖሯል። ሦስታችን የተዋወቅነው ቀበሌ በር ላይ ተሰልፈን ነው። አንደኛው እስከዛሬ ይደውልልኛል፤ ጥሩ ጓደኛ አትርፌያለሁ። ቀብዱ ግን እንደወጣ ቀረ።

ከሁሉ የከፋው የወል ግጦሽ መሬት ነው። የማንም ደብተር ላይ ስለሌለ ቶሎ ይታጠራል። ሲታጠር የሚጎዳው ሦስት በግና አንዲት ላም ያላት ባልቴት ናት። ያቺ ባልቴት ደግሞ ልጆች አሏት፤ ልጆቿም ያውቋችኋል። ይህን አስባችሁ ግቡ።

ከዚሁ ጋር ወለድ አግድን አትቀላቅሉ። ብር አበድራችሁ ብሩ እስኪመለስ መሬቱን የምታርሱበት የቆየ ልማድ ነው። የምታገኙት ምርት ነው፤ መሬቱ የናንተ አይሆንም። ከገባችሁበት በዚያ ልክ ግቡበት።

ሊዝስ? ሕጋዊው መንገድ እሱ ነው፤ አጭር ነው የምለው። ጨረታ ገብታችሁ ካሸነፋችሁ ስማችሁ ላይ ይሆናል፤ በውሉ ጊዜ መሥራት አለባችሁ። አጥሮ ማስቀመጥ አይቻልም። የምትሠሩበት ብር ከሌላችሁ አትግቡ። ካላችሁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ያለ ሐሳብ እንቅልፍ የሚያስተኛ እሱ ብቻ ነው።

በረት ውስጥ ማድለብ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰው ሁሉ «ቀላል ነው» የሚለውና ሒሳቡን የማይሠራበት ይኼ ነው።

በመጀመሪያ ሒሳቡ። ቁጥሩ ለምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ የሠፈራችሁን ዋጋ አስገቡበት። አንድ በሬ በ70,000 ብር ገዛችሁ። 100 ቀን ልትይዙት ነው። በሬ በቀን ከክብደቱ መቶ እጅ 2.5 እስከ 3 የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። 300 ኪሎ ከሆነ ስምንት ዘጠኝ ኪሎ መሆኑ ነው። ጭዱ፣ ድርቆሹ፣ ፉርሽካው፣ ፋጉሎው ተደምሮ በቀን 150 ብር ቢወጣ 15,000 ይሆናል። መድኃኒትና ጨው 1,500። የጠባቂ ድርሻ 3,000። መጓጓዣና ደላላ 1,500። ድምሩ 91,000። በ100,000 ብትሸጡት 9,000 አተረፋችሁ።

አሁን የመኖው ወጪ በቀን በ50 ብር ይጨምር። 5,000 ሄደ፤ የቀራችሁ 4,000 ነው። ገበያ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሌላ 2,800 ሄደ። ይኼኔ ነው አድላቢው «ለልፋቴ እንኳ አልሆነኝም» የሚለው። ስለዚህ ማድለብ የመኖ ንግድ ነው ብላችሁ ጀምሩ። መኖ በርካሽ የምታገኙ ከሆነ ግቡ፤ ካልሆነ በሬው ይበላችኋል።

ደብረ ብርሃን በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። የገብስና የስንዴ ጭድ ከዙሪያው ገጠር ይመጣል። የቢራ ፋብሪካዎቹ ተረፈ ምርት አለ። እርጥብ ስለሆነ ግን ቶሎ ይሻግታል፤ በሦስት አራት ቀን የማትጨርሱትን አትጫኑ። በዚያ ላይ ኩበቱ አለ። እንጨት በተወደደበት በዚህ ብርድ ኩበት ብር ነው። የሠፈሬ ሴቶች በረቱን እየጠረጉ የሚያጠፈጥፉት ኩበት የጠባቂውን ወጪ ሲሸፍን አይቻለሁ።

ወቅቱም ትርፍ ነው። ለፋሲካ የሚደልብ በሬ ጥር ላይ ይገዛል። አውድማ ተነሥቷል፤ ጭድ ሞልቷል፤ የገና ገበያም ረግቧል። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ከሆነ መግዣው ሰኔ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ መኖ ውድ ነው፤ ጭዱን ቀደም ብላችሁ ታኅሣሥ ላይ ካልከመራችሁ አይሞከርም። ስትሸጡ ደግሞ የበዓሉን ዋዜማ አትጠብቁ። ዋዜማ ላይ ሁሉም ይዞ ይወጣል። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ከዚያ ቀደም ብለው ነው የሚሰበስቡት።

አመራረጡን ያስተማሩኝ የሠፈራችን አድላቢ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ገበያ ተከትያቸው ወጣሁ። ዓይኔ ወፈር ያለ ጥቁር በሬ ላይ አረፈ። «ተወው፣ እሱ የሰው ድካም ነው» አሉኝ። የወፈረውን ሌላው አውፍሮታል፤ የሚጨምረው የለም ማለታቸው ነው። ወደ አንድ ከሲታ ቦቃ በሬ ሄዱ። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አዩ። ያለቀ ጥርስ ያለው ጭድ ስለማያኝክ መኖው ሁሉ በከንቱ ይሄዳል። የጎኑን አጥንት በመዳፋቸው ዳበሱ። ሻኛውን ጨበጡ። ወደ ኋላ ዞረው ጅራቱን አነሡና ፋንድያውን አዩ። ከዚያ ባለቤቱን አስነድተው አረማመዱን ተመለከቱ። «አጥንት ግዛ፤ ሥጋውን መኖ ይሠራዋል» አሉኝ። ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት ግን ሻጩን ዋስ ጠየቁት። ዋስ የሌለው በሬ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ከሆነ ደግሞ በርግጥም ሊሆን ይችላል።

ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ የውስጥ ትል መድኃኒት ነው። ረግረግ ላይ የጋጠ የደጋ ከብት የጉበት ትል አያጣውም። ያንን ሳታስወጡ ፋጉሎ ብትቆልሉለት የምትቀልቡት ትሉን ነው። የአባሰንጋና የአባጎርባ ክትባት ጠይቁ። ፉርሽካና ፋጉሎ በአንዴ አይሰጥም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨምራል። ተቻኩሎ የሰጠ ሰው ጧት በረቱን ሲከፍት በሬው ተነፍቶ ያገኘዋል።

በርቢ መስጠት

እናንተ ከተማ ናችሁ፣ ዘመድ ገጠር አለ። ጊደር ወይም በግ ገዝታችሁ ትሰጡታላችሁ። እናቲቱ የናንተ ሆና ትቀጥላለች፤ የወለደችውን እኩል ትካፈላላችሁ። ወተቱና ኩበቱ የጠባቂው ነው። ከሞተች ቆዳዋን ያሳያል። የተጻፈ ነገር አይወድም፤ የሚቆመው በዘመድነት ነው። ትርፉ አዝጋሚ ነው፤ ኪሳራውም ብዙ አይደለም።

በደጋው ለዚህ የሚሆነው በግ ነው ባይ ነኝ። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ግን ብርዱንና የሣሩን እጥረት ይችላል። ለዘር ማሻሻል የቆመው የአመድ ጉያ የበግ ማዕከልም እዚያው መንዝ ነው። መንዝን ካነሣሁ አይቀር ጓሳን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። የጓሳን ሣር የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈተ ጠብቆታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም በሌላ መልክ ተመልሷል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። ማንም ካብ አልካበበትም፤ ላምም አላሰረበትም።

ወደ ቆላ መውረድ

ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ሐሳባችሁም አብሮ ይሰፋል። ቀወት፣ ኤፍራታና ግድም፣ በበረኸት በኩልም ከሆነ እስከ አፋር ወሰን የሚዘረጋ ሜዳ። «ይህን ሁሉ ባዶ መሬት ምን ነካው?» ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ።

ባዶ አይደለም። እናንተ ያያችሁት ከብት አርቢዎቹ የሄዱበትን ወር ነው። በሌላ ወር የአፋር ወይም የአርጎባ ከብት ይመጣበታል። የበጋ ግጦሽ የሚባለው ያ ነው። ለዓመት የምትፈልጉት መሬት ለእነሱ ዝናብ ሲጠፋ የሚሸሹበት ነው። ሕገ መንግሥቱም እዚያው አንቀጽ 40 ላይ አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ካለበት ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይጽፋል። ከወረዳ የኢንቨስትመንት ወረቀት ይዞ ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር ሳይነጋገር ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ሽቦውን ለሚጠብቅ የሌሊት ዘብ እየከፈለ ይኖራል። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤት ነው፤ ውኃው ግን የሰው ነው።

ከብቱም ሌላ ነው። የደጋ በሬ አውርዳችሁ ብትለቁት ሙቀቱና መዥገሩ ይጨርሰዋል። እዚያው የለመደውን ግዙ። በደረቅ ዓመት አንዲት ከብት በርካታ ሄክታር ትፈልጋለች፤ ስለዚህ «100 ሄክታር አለኝ» ማለት ብዙ ከብት አለኝ ማለት አይደለም። ወደ አዋሽ ስትጠጉ ደግሞ አፋሮች የደርግ ዛፍ የሚሉት ፕሮሶፒስ ሣሩን ውጦታል።

መንገዱንም አስቡት። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከብቱን ነድቶ የወጣ አለ፤ የተነዳበትም አለ። መሬት አይነዳም የሚል ሰው ልክ ነው። ግን ባለቤቱ ካልተመለሰ ሌላ ሰው ያርሰዋል።

ስለዚህ ቆላ የሚያዋጣው እዚያ የተወለደ ሸሪክ ላለው ነው። አበልጅ፣ አማች፣ የልጅነት ጓደኛ። እሱ ከብቱን ይይዛል፤ እናንተ መኖና መድኃኒት፣ ገበያና መኪና። መሬት መያዝ አያስፈልጋችሁም። ይህ ከሌላችሁ ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ማሾ ገዝታችሁ ተመለሱ፤ ይሻላችኋል።

የኔን ምርጫ ለሚጠይቀኝ፦ ሁለት በሬ በረት ውስጥ፣ አምስት በግ መንዝ ላለች አክስቴ በርቢ። ለሊዝ እያጠራቀምኩ ነው። ትልቅ ነገር አይደለም። ግን ከመሬቱ ዋጋ የምጠብቀው ነገር ስለሌለ የደላላ ስልክ ሲጠራ ልቤ አይመታም።

ባለፈው ሳምንት ያ የመጀመሪያው ደላላ ደወለ። «ጋሼ፣ ያቺ ቦታ ሰው ሊወስዳት ነው፤ ቶሎ ይወስኑ» አለኝ። ቦታውን ተወውና ቀንደ ሰባራዋን ላም ስንት እንደምትሸጥ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«ላሟ አትሸጥም» አለኝ። «ሥራ ላይ ናት።»